ድምፁን የሚመስል የአልበም ሽፋን እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያ የአልበም ሽፋኔን ለባለቤቱ ሳሳየው ስክሪኑን ትክ ብሎ አየና «ቆንጆ ነው» አለኝ። ትንሽ ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ግን የማን ነው?»

የራሱ ነበር። ስምንት ሙዚቃ፣ ከፒያኖ በቀር ሌላ መሣሪያ የሌለበት። እኔ የሠራሁለት ደግሞ የተቀዳደደ ጋዜጣ፣ ደማቅ ቀይ ቀለም፣ የሽፋኑን ግማሽ የያዘ ወፍራም ፊደል። ያን ሰሞን ኮላዥ (ቁርጥራጭ ወረቀትና ምስል እየለጠፉ መሥራት) ተምሬ ስለነበር የተማርኩትን ለማሳየት ቸኩዬ ነው እንጂ ሙዚቃውስ እንዲህ ያለ ነገር አልጠየቀኝም። እውነቱን ለመናገር በወጉም አልሰማሁትም። ከመጀመሪያው ሙዚቃ ሠላሳ ሴኮንድ ያህል በስልኬ ሰምቼ «ገብቶኛል» ብዬ ነው የጀመርኩት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሽፋን ሠርቻለሁ፤ ያቺ «የማን ነው?» ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ይህን የምጽፈው ሥራውን ለሚጀምሩ ዲዛይነሮች እና ዲዛይነር የሚቀጥሩበት አጥተው ሽፋናቸውን ራሳቸው ለሚሠሩ ሙዚቀኞች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሶስቴ ስሙት

አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በቅደም ተከተሉ፣ ሶስት ጊዜ ስሙ። በመጀመሪያው ምንም አትሥሩ። በሁለተኛው ወረቀትና እርሳስ ያዙ፤ የስልቱን ስም ግን አትጻፉ። «ጃዝ» ብላችሁ ከጻፋችሁ እጃችሁ ሳይጠየቅ ሳክስፎን ይስላል። «ሮክ» ካላችሁ እሳት ይመጣል። ይልቅ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ፈልጉ፦ ድምፁ ምን ያህል ቅርብ ነው፣ ጆሮ ሥር ነው የሚያንሾካሹከው ወይስ ከአዳራሽ ማዶ ነው የሚሰማው? በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ አለ? በመካከል ዝም የሚባልበት ቦታ አለ? ድምፁ ልሙጥ ነው ወይስ ሻካራ? ምቱ እንደ ሰዓት እኩል ነው የሚሄደው ወይስ ይንገዳገዳል?

መልሶቹ ወደ ዓይን የሚተረጎሙበት መንገድ አላቸው። ቅርብ ድምፅ ቅርብ ፎቶ ይፈልጋል፤ የጆሮ ሥር ሹክሹክታ ላይ ሰውየውን ከተራራ ጫፍ አቁማችሁ ከሩቅ ብታነሱት ዓይንና ጆሮ ይጣላሉ። ዝምታ ያለበት ሙዚቃ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ሻካራ ድምፅ የወረቀት፣ የቀለም፣ የፎቶ ሻካራነት ይፈልጋል። እኩል ምት እኩል የሚደጋገም ቅርጽን ይወዳል።

ሶስተኛው ላይ ዓይናችሁን ጨፍኑና በዚህ ቅጂ ብቻ ያለ፣ በሌላ የትም የማይገኝ አንድ ትንሽ ነገር ፈልጉ። ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ሽፋን በቅርበት

ጆይ ዲቪዥን የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ቡድን የ1979 የመጀመሪያ አልበም ሽፋን ዛሬ ሙዚቃውን ጨርሶ የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ በቲሸርት ለብሰውት ይዞራሉ። ጥቁር መደብ፣ መሐሉ ላይ እርስ በርስ የተደረደሩ ነጭ የተራራ ሰንሰለት የሚመስሉ መስመሮች። የቡድኑ ስምም የአልበሙ ርዕስም ፊት ለፊቱ ላይ የለም።

መስመሮቹ ተራራ አይደሉም። ሲፒ 1919 የተባለች፣ በ1967 ጆሴሊን ቤል ያገኘቻት የመጀመሪያዋ ፐልሳር (እየተሽከረከረች የሬዲዮ ምት የምትልክ ኮከብ) የላከቻቸው የሬዲዮ ምቶች ናቸው። ኮከቧ በየ1.34 ሴኮንዱ ገደማ አንዴ ትመታለች፤ ሥዕሉ 80 ተከታታይ ምቶችን አንዱን ከሌላው በታች ደርድሮ ያሳያል። ከቡድኑ አባላት አንዱ በአስትሮኖሚ መጽሐፍ ውስጥ አገኘው፣ ዲዛይነሩ ፒተር ሳቪል ተቀበለው። መጽሐፉ ላይ ነጭ ወረቀት ላይ ያለ ጥቁር መስመር ነበር፤ ሳቪል ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አደረገው።

አሁን ሙዚቃውን አስቡ። ከበሮው እንደ ማሽን ይመታል፣ በዙሪያው ሰፊ ባዶ አዳራሽ ይሰማል፣ ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ሽፋኑም ያው ነው፦ አንድ ዓይነት ምት 80 ጊዜ፣ ግን ሁለቱ ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ ዙሪያው ጨለማ፤ ላኪው ሩቅ። ምንም ጊታር አልተሳለም፣ የአዘነ ፊት የለም። ሳቪል የሠራው ሥራ ቀለም መገልበጥና መጠን መወሰን ብቻ ይመስላል፤ ነጩን መደብ እንዳለ ቢተወው ኖሮ ግን የሳይንስ ትምህርት ገበታ ነበር የሚሆነው። ከዚህ የምወስደው ነገር አለ፦ ሙዚቃው ስለ ምን እንደሆነ ሳይሆን እንዴት እንደሚሄድ ሳሉ። ግጥሙ ስለ ባሕር ቢያወራ እንኳ ድምፁ በጠባብ ክፍል ውስጥ የታፈነ ከሆነ፣ ክፍሉ ይቀድማል።

ፊደል ድምፅ አለው

ጀማሪ ፎቶ ላይ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ ፊደሉን በመጨረሻዋ አሥር ደቂቃ ይለጥፋል። እኔም እንዲያው ነበርኩ። ለመታረም የብሉ ኖት ሽፋኖችን መመልከት ይበቃል።

ሪድ ማይልስ ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1967 ገደማ ድረስ ለዚህ የጃዝ ኩባንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሽፋኖች ሠርቷል። ገንዘብ ስለሌለ ብዙ ጊዜ የሚፈቀድለት ጥቁርና አንድ ተጨማሪ ቀለም ነበር። ፎቶዎቹን የሚያነሳው ከኩባንያው ባለቤቶች አንዱ ፍራንሲስ ዎልፍ፣ ቀረጻው እየተካሄደ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ሆኖ ነው። ማይልስ ፎቶውን ያለ ርኅራኄ ይቆርጠዋል፣ ፊደሉን ደግሞ እንደ መሣሪያ ያስጮኸዋል። የጃኪ ማክሊን የ1960ዎቹ አጋማሽ አልበም ርዕስ «ጊዜው ነው!» የሚል ነው፤ ማይልስ ፎቶዋን ከላይ ጥግ ላይ አሳንሶ ከቷት የቀረውን ገጽ በቃለ አጋኖ ምልክት ሞላው፣ ረድፍ በረድፍ። ገና ሳትሰሙት አንድ ሰው በፍጥነት፣ በድፍረት፣ ትንፋሽ ሳይወስድ እየነፋ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የሚገርመው ማይልስ የጃዝ ወዳጅ አልነበረም፤ ክላሲካል ነበር የሚወደው። የአልበሙን መንፈስ የሚነግረው የኩባንያው መሥራች አልፍሬድ ላየን ነበር። «ሶስቴ ስሙት» ያልኩትን ያፈርስብኛል አይደል? ያፈርስብኛል። ግን ላየን ከመጀመሪያዋ ኖታ ጀምሮ ስቱዲዮ ውስጥ የነበረ ሰው ነው፣ ዎልፍም እንዲሁ። ማዳመጡን ሌሎች ሠርተውለታል። እናንተ እንዲህ ያለ ሰው ከጎናችሁ ካለ አስወሩት፤ ከሌለ ራሳችሁ ስሙ።

በፓንክ በኩል ደግሞ ጄሚ ሪድ ለሴክስ ፒስትልስ የሠራው የ1977 ሽፋን አለ። ቢጫ መደብ፣ ሮዝ ቀለም፣ ከጋዜጣ እየተቆረጡ እንደተለጠፉ ፊደሎች፣ አጋች የላከው ደብዳቤ ይመስል። ጊታር በቅጡ መያዝ ገና የሚማር ሰው መድረክ ላይ መውጣት ይችላል የሚል ሙዚቃ ነበር፤ ፊደሉም መቀስና ሙጫ ያለው ሁሉ የሚሠራው ዓይነት ነው። እኔ ለፒያኖ ተጫዋቹ የሠራሁት ይህንኑ ነበር እንግዲህ። ኮላዡ በራሱ መጥፎ አልነበረም፤ ለሌላ ሰው የሚሆን ነበር።

ሜታል ውስጥ ነገሩ ጽንፍ ይይዛል። ቤልጅጉ ክሪስቶፍ ሽፓይደል ለብላክ ሜታልና ለዴዝ ሜታል ቡድኖች በሺዎች የሚቆጠሩ አርማዎችን የሳለ ሰው ነው፤ ብዙዎቹ እንደ ደረቀ ሥር እርስ በርስ የተጠላለፉ፣ ለማያውቃቸው የማይነበቡ ናቸው። «አይነበብም» ብሎ የሚያርም ዲዛይነር አልገባውም። ዲስቶርሽኑ፣ ማለት ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክረው መሣሪያ፣ የጊታሩን ኖታዎች እንደሚያደበላልቅ ሁሉ ቅርንጫፉ ፊደሎቹን ያደበላልቃል፣ ጆሮው የለመደ ሰው ይለያቸዋል፣ ያልለመደው ያልፋል። የኖርዌዩ ብላክ ሜታል ቡድን ዳርክስሮን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካወጣቸው ሽፋኖች አንዳንዶቹ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ እንደገና ፎቶ ኮፒ የተደረገ የሚመስል ጥቁርና ነጭ ምስል ናቸው። የሙዚቃው ቀረጻም ሆን ተብሎ ጎምዛዛና ቀጭን ነው። ባለ ሙሉ ቀለም፣ ጥርት ያለ ፎቶ ቢደረግበት ውሸት ይሆን ነበር።

በግዕዝ ፊደል የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትልቅና ትንሽ የሚባል የፊደል ዘር የለንም፣ ስለዚህ በላቲን ፊደል «ሁሉንም ትልቅ አድርገው» ተብሎ የሚገኘው ጩኸት በእኛ ፊደል በመጠን፣ በውፍረትና በፊደሎች መካከል ባለው ክፍተት ነው የሚመጣው። ክፍተቱን ስታሰፉ ድምፁ ይረጋጋል፤ ስታጠቡት ይጨናነቃል። ይህን ብቻ ለግማሽ ሰዓት ብትሞክሩት አዲስ ፎንት ከማውረድ ይሻላችኋል።

ባዶና ሙሉ

ሙዚቃው ስንት ድምፅ በአንዴ እንደሚይዝ ጽፋችኋል። አሁን ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎችን ላሳያችሁ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሴዛር ቪሌላ ለብራዚሉ ኤሌንኮ ኩባንያ የሠራቸው የቦሳ ኖቫ ሽፋኖች ነጭ መደብ፣ ግራጫው ተጠርጎ ጥቁርና ነጭ ብቻ የቀረ ፎቶ፣ ከዚያ ጥቂት ቀይ ነጠብጣቦች ናቸው። አለቀ። ቦሳ ኖቫም እንዲያው ነው፦ አንድ ጊታር፣ የማይጮህ ድምፃዊ፣ ጥቂት ኖታ በትክክለኛው ቦታ። ቀዩ ነጥብ ምቱ ከሚጠበቅበት ትንሽ ቀደም ብሎ እንደሚያርፈው የጊታር ጣት ነው ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ፤ ቪሌላ ይህን አስቦ ይሁን አይሁን የእኔ ግምት ነው።

ከዚያ ናይጄሪያዊው ሌሚ ጋሪዮክዉ ለፌላ ኩቲ የሳላቸውን ከ20 በላይ ሽፋኖች አስቀምጡ። ሰው በሰው ላይ፣ ወታደር፣ ፖለቲከኛ፣ ጽሑፍ፣ ቀልድ፣ ስድብ፣ በደማቅ ቀለም ተጨናንቆ። የፌላ አንድ ሙዚቃ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ ነፊዎች፣ ከበሮዎች፣ ተቀባይ ሴቶች፣ በላያቸው ላይ የሚከራከር ሰው። እዚያ ላይ ባዶ ነጭ መደብ ብታደርጉ ትልቅ ቤተሰብ ባለበት ቤት አንድ ወንበር እንደማስቀመጥ ነው።

በዝምታው ጫፍ በ1969 ሙኒክ ውስጥ በማንፍሬድ አይከር የተመሠረተው ኢሲኤም የተባለ የሙዚቃ ኩባንያ አለ። ሽፋኖቹ ጭጋግ፣ ውኃ፣ አድማስ፣ አንዳንዴ ፊደል ብቻ። ከሲዲዎቹ ብዙዎቹ ሙዚቃው ሳይጀምር አምስት ሴኮንድ ያህል ዝም ይላሉ። ሽፋኑ ያንን አምስት ሴኮንድ ነው የሚመስለው።

መጥቀስ ይቻላል፣ ግን ሰበብ ይኑራችሁ

ጀማሪ ሁሉ ከሚወደው ሽፋን ይገለብጣል። ይሄ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ለምን እንደገለበጡ አለማወቅ ነው። ክላሽ የተባለው የእንግሊዝ ፓንክ ቡድን የ1979 ሽፋን ጥሩ ትምህርት ነው። ሬይ ሎውሪ የኤልቪስ ፕሬስሊን የ1956 የመጀመሪያ አልበም ፊደል ሳይደብቅ ወሰደው፦ በግራ በኩል ወደ ታች የሚወርድ ሮዝ ጽሑፍ፣ ከሥር አረንጓዴ። በኤልቪስ ሽፋን ላይ አፉን ከፍቶ ጊታር የሚጫወት ወጣት አለ። በክላሽ ላይ ፖል ሲመነን ባስ ጊታሩን መድረኩ ላይ ሊሰብረው ጎንበስ ብሏል። ያው ፊደል፣ ያው ቀለም፣ በአንዱ ሮክ ሲወለድ፣ በሌላው ከ23 ዓመት በኋላ ሊሰበር ሲል። አልበሙም ውስጥ ሮክ ኤንድ ሮል፣ ሬጌ፣ ሶል ሁሉ እየተነሳ እየተሰባበረ ነው። ጥቅሱ ሙዚቃው የሚናገረውን ይናገራል።

ፎቶውን ያነሳችው ፔኒ ስሚዝ ምስሉ ስለደበዘዘ እንዲወጣ አልፈለገችም ነበር። ቡድኑ በግድ አስወጣው። ስለዚህ ፎቶ ስትመርጡ መጀመሪያ «ይህ ተበላሽቷል» ብላችሁ ወደ ጎን ያደረጋችኋቸውን መልሳችሁ እዩ።

ወንበሩ

ወደ ፒያኖው ልመለስ። ከውርደቴ በኋላ አልበሙን በጨለማ ክፍል ሶስቴ ሰማሁት። በሶስተኛው ላይ፣ በአራተኛው ሙዚቃ መሐል፣ ቀስ ያለ ቦታ ላይ፣ የሆነ ነገር «ቂርር» ይላል። ደውዬ ጠየቅሁት።

«ወንበሩ ነው» አለ አፍሮ። «ሚክስ ሲደረግ ይወጣል።»

እንዳታወጣው ብዬ ለመንኩት። የዚያ አልበም ነገር ሁሉ እዚያች ቂርርታ ውስጥ ነበር፦ አንድ ሰው፣ አንድ ክፍል፣ ሲያዘነብል የሚሰማ ክብደት። ወንበሩን ብቻ ከጎን፣ በአንድ መስኮት ብርሃን፣ ሰው ሳይቀመጥበት አነሳሁት። ስሙን በቀጭን ፊደል፣ ክፍተቱን ሰፋ አድርጌ ከላይ አስቀመጥኩ። በትልቅ ስክሪን ላይ የማይጠገብ ነበር። ከዚያ ስልክ ላይ አሳነስኩት። ዝንብ ያረፈበት ወረቀት።

የሸክላ ሽፋን ወደ 31 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ሲዲ ሲመጣ 12 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ አሁን ብዙ ሰው ሽፋናችሁን የሚያየው ከአውራ ጣት ጥፍር በማይበልጥ መጠን ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ሁለት መጠን ጎን ለጎን ክፈቱ፣ አንዱ ሙሉ፣ ሌላው 60 ፒክስል ገደማ። በትንሹ ላይ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ መታየት አለበት። የእኔ መፍትሔ ባዶውን ቦታ መቀነስ አልነበረም፤ ወንበሩን ቀርቤ ሁለት እግሮቹንና የፔዳሉን ነሐስ ብቻ ከታች አንድ ሦስተኛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ከላይ ያለው ሁለት ሦስተኛ ባዶ ቀረ። ዝምታው ቀረ፣ ዝንቡ ጠፋ። ስሙን ደግሞ ከሽፋኑ ጨርሶ አነሳሁት፤ በማዳመጫ መተግበሪያዎች ላይ ስሙ እንደሆነ ከምስሉ ሥር ራሱን ችሎ ይጻፋል።

ፋይሉን ስትሰጡ

እዚህ ብዙ የሚወራ የለም። ካሬ አድርጉት፣ ቢያንስ 3000 በ3000 ፒክስል፣ ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ፣ ለስክሪን ከሆነ አርጂቢ (የስክሪን የቀለም አሠራር)። የሚታተም ከሆነ ሲኤምዋይኬ (የማተሚያ የቀለም አሠራር)፣ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር የሚቆረጥ ትርፍ ጨምሩበት፤ ደማቅ ሰማያዊና ደማቅ አረንጓዴ በወረቀት ላይ እንደሚደበዝዙም ሙዚቀኛውን አስቀድማችሁ ንገሩት። የድረ ገጽ አድራሻ፣ ዋጋ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ አርማ ሽፋኑ ላይ አታስቀምጡ፤ አከፋፋዮች ይመልሱታል። በሽፋኑ ላይ የተጻፈ ስምና ርዕስ ከተመዘገበው ጋር በፊደል ካልተመሳሰለም ይመልሱታል።

በዚህ የመጨረሻው አንዴ ተቃጥያለሁ። ለአንድ ድምፃዊት በሠራሁት ሽፋን ላይ ስሟን ለዓመታት ስጠራው እንደኖርኩት ጻፍኩት፤ እሷ ግን በ«ፀ» ነው የምትጽፈው፣ እኔ በ«ጸ»። አልበሙ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ተመለሰ። አሁን ንድፍ ከመጀመሬ በፊት ለሙዚቀኛው ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ እሰጥና ስምህን በእጅህ ጻፍልኝ እለዋለሁ። አንዳንዴ የእጅ ጽሑፉ ከየትኛውም ፎንት ይልቅ ሙዚቃውን ይመስላል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱን ስካን አድርጌ እንዳለ እጠቀምበታለሁ።